ቁጥሩን ብቻ ይጥሩልኝ

የእህቴ ልጅ ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ እያጠና ነው። መራዊ ውስጥ ሲኦሲ ያላንኳኳው ቤት ስለሌለ ማብራሪያ የሚያሻው ያለ አይመስለኝም። ፀጉር አስተካካዩም፣ ምግብ አብሳዩም፣ ግንበኛውም በተራው ይቀመጥና «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይመለሳል። የእኛው ልጅ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ነው፤ ደረጃ 3።

ማታ ማታ እንድጠይቀው የሰጠኝ ወረቀት የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው። እንግሊዝኛው ከመገርጣቱ የተነሣ ጥያቄው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። መልሶቹን ግን አንድ ስሙ ያልታወቀ በጎ አድራጊ በእስክሪብቶ አክብቦባቸዋል፤ ክቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መነጽሬን አድርጌ ገና ማንበብ ስጀምር፣

«ጋሼ፣ ጥያቄውን ይተዉት። ቁጥሩን ብቻ ይጥሩልኝ» አለኝ።

«አሥራ ሁለት» አልኩ።

«ለ።»

«ሃያ ሰባት።»

«መ። ሁሉም መልስ ነው።»

አንድም አልሳተም። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው፤ አንዳንዱን ቢስት ደስ ባለኝ።

እኔማ ጥያቄዎቹን በድብቅ አነበብኳቸው። አንዱ «ባለሙያ ሥራ ቦታ እንደደረሰ በመጀመሪያ ምን ያደርጋል?» ይላል። ክቡ ያረፈው የደኅንነት ልብስ መልበስ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ ያወጣው ሰው ቤቱ ባለሙያ ጠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ባለሙያ እንደደረሰ በመጀመሪያ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ ጣራ ጣራውን ያያል፤ ከንፈሩን ይመጣል፤ ቀጥሎ «ይሄን ማነው የሠራው?» ይላል። ቧንቧ ሠራተኛውም እንዲሁ፣ ግንበኛውም እንዲሁ፣ ልብስ ሰፊውም ሱሪህን ገልብጦ እንዲሁ። በዓመቱ ሌላ ስትጠራ እሱም የዚህኛውን ሥራ አይቶ ከንፈሩን ይመጣል። አገራችን ላይ የመጀመሪያውን ሽቦ የዘረጋው ሰውዬ ብቻ፣ የሚወቅሰው አጥቶ ምን ብሎ ሥራ እንደጀመረ እንጃ።

የምዘናውን ሐሳብ ግን አልጠላሁትም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ሰው ከየትም ይማር ከየት፣ ከቻለ ቀርቦ ይመዘን ይላል፤ ኮሌጅ ደጃፍ ያልደረሰው፣ ከጌታው ሥር ሆኖ የለመደውም ጭምር። ይህ ለእኛ ለጎጃምና ለጎንደር ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። የድጓ ተማሪ ከፈለገው መምህር ዘንድ ይማራል፤ ለምስክር ግን ጋይንት ቤተልሔም መውረድ አለበት። ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ነው፤ አቋቋም ከሆነ ጎንደር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እያሳደደው የጣናን ዙሪያ በእግሩ ይዞራል። የውሎ አበል የለም። ሲደርስም ወረቀት የሚያድለው የለም፤ ቁጭ ብሎ ያዜማል፣ መምህሩ ያዳምጣሉ። አንዲት ሰረይ ከሳተ ይሰሙታል። ከዚያ የቤተልሔም መምህር ፊት ቀርቦ «ጌታዬ፣ ዜማውን ይተዉት፤ ቁጥሩን ብቻ ይጥሩልኝ» የሚል ተማሪ አስቡልኝ!

እስቲ ደግሞ በዘመናችን አሠራር ይሁን እንበል። «ይህ ዜማ፦ ሀ. ግዕዝ፣ ለ. ዕዝል፣ ሐ. አራራይ፣ መ. ሁሉም መልስ ነው።» ፎቶኮፒው ዘጌ ገዳማት ድረስ በታንኳ ይደርስ ነበር። ደብተራው ደግሞ እስክሪብቶ ከማንም በላይ ያውቅበታል፤ ክቡን በቀይ ቀለም ሐረግ ስሎ ነው የሚያሳምረው። አንዳንዱ ለሽያጭም…

የት ነበርኩ? አዎ፣ ወረቀቱ ላይ፤ ጥያቄ ሠላሳ አንድ።

ሠላሳ አንድ ስለ ኧርዝ ሽቦ ነው። ጠራሁለት። «ሐ» አለ። «ሐ ምንድን ነው?» ብለው «ሐ ነዋ፣ ጋሼ!» አለኝ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እናቱ፣ የገዛ እህቴ፣ ለዓመታት እንጀራ የጋገረችው የላስቲክ ጫማ አድርጋ ጣውላ ላይ ቆማ ነው። ምጣዱ ይነዝራት ነበር። መስመሩን የዘረጋላት ባለ ወረቀት ነው፤ ብቁ የተባለ። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር የሚስብ፣ ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሽቦ ላይ ሰክቶላት ሄደ። ኧርዙንማ ቆርጦ፣ ጠቅልሎ፣ ሶኬቱ ውስጥ ቀበረው፤ ነገሩ መሬት ውስጥ መቀበር የነበረበት መሆኑን «ሐ» አልነገረውም። ሰው ይሞታል እኮ! በየመንደሩ ስንት ሴት ጣውላ ላይ ቆማ ስትጋግር፣ እኛ «ምጣዱ አመል አለው» እያልን እንበላለን።

ጮኬ ሳልጨርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያንን መስመር ያስተካከለው ይኸው ልጅ ነው። 4 ካሬ ሽቦ አስገዝቶ ለብቻው ዘረጋ፤ ጓሮ ቆፍሮ ዘንጉን ቀበረ። ጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው ለምን እንደጨመረ፣ በበጋ ለምን ውኃ እንደሚያጠጣው ስጠይቀው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አስረዳኝ፤ በአማርኛ፣ በእጁ እያሳየ። «ታዲያ ይሄ እኮ ነው ሐ!» አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ይሁን፤ ብቻ ቀጣዩን ይጥሩልኝ» አለኝ። እናቱም ብትሆን እስከ ዛሬ ከጣውላዋ አልወረደችም።

የተግባሩ ፈተና ባሕር ዳር ነው። የዚያን ዕለት መብራት ይኑር እንጂ እጁን አላማም። እናቱ ከወዲሁ «ስትመለስ ቆረሶ ዓሣ ይዘህ ና፤ አምባዛ እንዳይሸጡልህ» ብላዋለች። ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን ያሰበ አልነበረም። ጎረቤታችን ዓሣ በጾም አይበላም አሉ፤ እህቴ ይበላል አለች፤ እኔም በማያገባኝ ገብቼ ወረቀቱን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።