ሰጋቱራ ሲወደድ

ባለመጋዝ ቤቱ ደጁን እያስጠረገ፣ «እትዬ፣ ይሄን ቆሻሻ ወስደው ይገላግሉኝ» ቢላቸው፣ ጋጋሪዋ እትዬ ማዳበሪያቸውን ዘርግተው «ቆሻሻ እንዲህ የሚነድ ቢሆን የኛ ሰፈር ለአገር ሁሉ መብራት ይሸጥ ነበር! ይልቅ ዝቀህ ሙላልኝ» አሉት። ዛቀላቸው። በሳምንቱ ሲመለሱ «አሁንማ በማዳበሪያ ይከፈላል» አላቸው።

«ምነው፣ ቆሻሻው ተሾመ እንዴ?»

ከሰል ሻጩ ጣልቃ ገባ። «ሰጋቱራ ያጨሳል እትዬ፤ የኔ ከሰል ንጹሕ ነው።»

«ያንተማ ጭሱን ገጠር አራግፎ ስለመጣ ነው! በአፈር ክምር ሲከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይበላና አንድ ኪሎ ይወጣዋል። ይሄን ሁሉ በልቶ የሚከሳ ያንተን ከሰል ብቻ አየሁ! ደግሞ ጭስ የለውም ብለህ በር ዘግተህ እንዳትተኛ፤ የማይታየው ጋዝ ሳያስነጥስህ ይወስድሃል።»

የሰፈሩ ዘመናይ «በሰጋቱራ መጋገር ኋላ ቀርነት ነው» አለ። ለዚህ እንኳ መልሱን እኔ ልስጥ። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሚሺጋን ውስጥ፣ ከመኪና ሥራው የተረፈውን የእንጨት ትራፊ ከሰል አድርጎ፣ ጠፍጥፎ ሸጧል። እሱ የመኪና ፋብሪካ ይዞ ያላፈረበትን፣ አንተ የታክሲ ሰልፍ ይዘህ ታፍርበታለህ?

ከዚያ አንድ የፕሮጀክት ባለሙያ ደብተር ይዞ መጣ። «እናቴ፣ የሚጠቀሙበት ቴክኖሎጂ ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ጡንቻ! ጠርሙሱን መሃል አቁመህ ሰጋቱራውን ዙሪያውን ትጠቀጥቃለህ። ጠርሙሱን ስታወጣው ቀዳዳው ይቀራል፤ ከሥር ስትለኩሰው በዚያው ወጥቶ ለሰዓታት ይነዳል። ጻፍከው?»

«እኛ ደግሞ እናዘምነዋለን። እርጥበቱን ወደ 10 በመቶ አውርደን በኃይለኛ ሙቀት ስንጨምቀው፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ለራሱ ሙጫ ሆኖ ያያይዘዋል።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ሰጋቱራ ቢያብር ሽሮ ያንተከትክ በለኛ! ማሽኑ ከሌለስ?»

«ከራሰ ወረቀት ጋር ለውሰን፣ በእጅ መጫኛ ጠፍጥፈን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን።»

«ወረቀቱ ከየት ይመጣል?»

«ከየመሥሪያ ቤቱ። ጊዜ ያለፈባቸው የጥናት ሰነዶች አሉ።»

«እሰይ! ያ ሁሉ ጥናት ገና ዛሬ ሻይ ሊያፈላ ነው!»

ባለመጋዝ ቤቱ ገበያ ሸተተው። «እንግዲያው የኤምዲኤፉንም የቺፑዱንም ብናኝ ልጨምርላችሁ፤ እሳት ካየው ምን ለየው?»

«ሙጫው ነዋ የለየው! እነዚያ እኮ በሙጫ የተጋገሩ ናቸው፤ ቀለም የጠጣ እንጨትም ያው ነው፣ ጭሱ መርዝ ነው። እንጀራ ስልህ ቁም ሳጥን ልታጎርሰኝ ነው?»

ባለሙያው ደብተሩን ገለጠ። «ምርቱን ከከተማ ውጭ ባለ ትልቅ መጋዘን እናመርታለን፣ በካርቶን እናሽጋለን፣ ሪባን ይቆረጣል። ዋጋው ከከሰል ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግን ለማኅበረሰቡ ጥቅም ነው።»

እዚህ ላይ እትዬ ማዳበሪያቸውን አስቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ ሰጋቱራ ቦታ ይፈጃል እንጂ አይመዝንም። ሩቅ ጭነህ ብትወስደው፣ ሰጋቱራው ከሚነደው መኪናው ያነደደው ይበልጣል! እዚሁ መጋዝ ቤቱ ደጅ ጠፍጥፈው፣ የሰፈሩን ሥራ አጥ ቅጠርበት፣ እዚሁ ሽጠው።»

«ሪባኑስ?»

«ሪባን ምጣድ አያሰማም።»

«ካርቶኑስ እናቴ?»

«እኔ ካርቶን የምገዛው እሳት ለማያያዝ ነው!»

ባለመጋዝ ቤቱ ቸኮለ። «ዋጋውን እኔ ልቁረጥ፤ ሰጋቱራው የኔ ነው።»

«ትናንት ውሰዱልኝ ብለህ ስትለምን ነበር፤ ዛሬ አባትነቱ ትዝ አለህ?»

ባለሙያው «እኔ ልወስን፤ ጥናቱ የኔ ነው» አለ።

«ጥናትህማ ጠፍጥፈነው ደርቋል!»

«ታዲያ ዋጋውን ማን ይወስን?»

«ጭሱን ስትውጥ የኖረችው!»