የዳውንትለስ ሞዴል አሠራርና በቤተሰብ ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ የመነሻ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ኤስቢዲ ዳውንትለስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ያስነሳት የነበረች፣ ቁልቁል ተወርውራ ቦምብ የምትጥል ባለ ሁለት ሰው አውሮፕላን ናት። የዳግላስ ኩባንያ ከ5,900 በላይ ሠርቷል። ጁን 4 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ረፋድ ላይ፣ በሚድዌይ ውጊያ፣ ከኢንተርፕራይዝና ከዮርክታውን መርከቦች የተነሱ ዳውንትለሶች አካጊ፣ ካጋና ሶርዩ የተባሉትን የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚዎች በአምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ አነደዷቸው። የዚህ ጥናት መነሻ ጥያቄ፣ ይህን ሁሉ በደቂቃዎች የፈጸመችን አውሮፕላን በፕላስቲክ ለመሥራት አንድ ጤነኛ ሰው ክረምትና በጋ የሚፈጅበት ለምንድን ነው የሚል ነው።

የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ በ1/48 ልኬት የተወሰነ ነው። በዚህ ልኬት 12 ሜትር ተኩል ያህል የነበረው የክንፎቿ ስፋት ወደ 26 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የእውነተኛዋ ክንፍ አይታጠፍም ነበርና በመርከቡ ላይ ቦታ ታጣብብ ነበር። የሞዴሏም አይታጠፍም፤ ችግሩን የወረሰው የሳሎኑ ቡፌ ነው።

የጥናቱ ዘዴ

ዘዴው ምልከታ ነው። ቃለ መጠይቅም ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ተጠኚው ሞዴል ሠሪ ሊያነጋግሩት በሄዱበት ሰዓት ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ቀለም ሲቀባ ስለሚገኝ አልተሳካም።

ግኝት አንድ፦ ድካሙ የሚበዛው በማይታየው ላይ ነው

ሠሪው የሚጀምረው ከአብራሪው ክፍል ነው። የመሣሪያ ሰሌዳውን በወረንጦ ይዞ የእያንዳንዷን ጌጅ ጠርዝ ነጭ ይቀባል፤ ለመቀመጫው ቀበቶ ያበጃል፤ ለኋለኛው ተኳሽ መትረየስ የጥይት ዝናር ያዘጋጃል። የክፍሉ አረንጓዴ ምን ዓይነት አረንጓዴ ነበር በሚለው ጉዳይ ከባልንጀሮቹ ጋር ይኳረፋል፤ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። ከዚያም የአውሮፕላኗን ግራና ቀኝ ገላ ያጣብቃል፤ ስፌቱን በስቱኮ ደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ሁሉ ሥራ ያለ ባትሪ አይታይም። ተጠኚው ግን «መኖሩን እኔ አውቃለሁ» ሲል ተሰምቷል።

ግኝት ሁለት፦ የቀዳዳው ጉዳይ

በክንፎቿ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት የፍጥነት መግቻዎች እንደ ወንፊት የተበሳሱ ናቸው። መሐንዲሶቹ የበሷቸው፣ ቁልቁል ስትወርድ ጭራዋን ይንጠው የነበረውን ንዝረት ለማስቀረት ነው፤ ተሳክቶላቸዋልም። ሞዴሏ በበኩሏ ቁልቁል የምትወርደው ከቡፌ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ሳይታሰብ። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ቀዳዳዎቹን እንደ ነጥብ ብቻ ቀርጿቸው ከሆነ፣ ሠሪው በጣቱ በሚያሽከረክራት ቀጭን መሰርሰሪያ አንድ በአንድ ይበሳቸዋል። በዚህ ወቅት እራት ቀርቧል ሲባል «አንድ ረድፍ ብቻ ነው የቀረኝ» ይላል። ይህ ረድፍ በየምሽቱ የሚቀር መሆኑ በምልከታ ተረጋግጧል።

ግኝት ሦስት፦ ቀዩ ክብ

በአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ላይ በሚሣለው ኮከብ መካከል የነበረው ቀይ ክብ ከጃፓን ምልክት ጋር እንዳይምታታ በሜይ 1942 እንዲነሳ ታዟል። ስለዚህ የሚድዌይን ዳውንትለስ ሠርቶ ቀይ ክብ የለጠፈባት ሰው ወዮለት። ተራ እንግዳ «ታምራለች» ብሎ ወደ ቡናው ይመለሳል፤ ሌላ ሞዴል ሠሪ የመጣ እንደሆነ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ ጣቱን ይቀስራል። ወገን ወገኑን እንዳይመታ የወጣው ትእዛዝ ዛሬ ወገን ወገኑን መምቻ ሆኗል።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ሠሪው የሬዲዮ አንቴናዋን ሽቦ የሚያበጀው፣ ትርፍ የፕላስቲክ ዘንግ በሻማ አሙቆ፣ ሲለሰልስ ከሁለት ወገን ስቦ በማቅጠን ነው። ውጤቱን ዓይን በግድ ያየዋል፤ የአቧራ መጥረጊያ ግን ስቶት አያውቅም። በመሆኑም አንደኛ፣ ቡፌው መስታወት ይገጠምለት። ሁለተኛ፣ አልጋ ሥር ስለተገኙት፣ እሽጋቸው እንኳ ስላልተፈታ ሌሎች የአውሮፕላን ካርቶኖች ራሱን የቻለ ጥናት ይካሄድ። የተጠኚው ባለቤት ይህን ጥናት በዋና ተመራማሪነት ለመምራት ፈቃደኛ መሆኗን ገልጻለች፤ ደረሰኞቹንም ከወዲሁ መሰብሰብ ጀምራለች።