ማድመቂያ

ቲኬት ቆርጦ፣ ወንበር ይዞ፣ ሰርከስን አንድ ሰዓት ሙሉ አፍ ከፍቶ ማየት የሠለጠነ ሰው ወግ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ኋላ ቀርነት ለስኮትላንዷ የፌስቲቫል ከተማ ለኤድንብራ ሰዎች ትተንላቸዋል። እኛ ሰርከስ የምናየው በዐውደ ጥናት መክፈቻ ላይ፣ በሁለት ንግግሮች መሐል፣ የዕለቱ የክብር እንግዳ መንገድ ተዘግቶባቸው ሲዘገዩ ነው።

ዘዴው ጊዜ ይቆጥባል። አንዲት ልጅ ወገቧን ወደ ኋላ አጥፋ እግሯን በትከሻዋ በኩል ለማውጣት ዓመታት ትለማመዳለች። ያን ሁሉ ዓመት ወደ አራት ደቂቃ የሚያሳጥር ከመድረክ መሪያችን በቀር ማን አለ? «ሰዓት ስለተጣበበ ልጆቹ ጥቂቱን ብቻ ያሳዩናል» ይላል። ሰዓቱን ያጣበበው ስለ ወጣቶች ተሰጥኦ የተደረገው ንግግር ነው። እሱ እንግዲህ አይነካም።

ንግግሩ ሲረዝም ልጆቹ መጋረጃው ጀርባ ናቸው። ሰውነታቸውን አሟሙቀው ከጨረሱ ቆይተዋል። ልጅቷ በስስ ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ክንዷን ታሻለች። የቀዘቀዘ ጡንቻ ድንገት ሲሳብ እንደሚጎዳ አሠልጣኙ ያውቃል፤ ግን የአሠልጣኝ ዕውቀት ከፕሮቶኮል በታች ነው። «ለሀገር ዕድገት ያላቸው ሚና» የምትለዋ ሐረግ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ልጅቷ እንደገና መዝለል ትጀምራለች፣ በእግር ጣቷ፣ ድምፅ እንዳታሰማ።

ከዚያ ፒራሚዱ ይሠራል። የመጨረሻው ትንሽ ልጅ ጫፍ ላይ ወጥቶ ባነር ይዘረጋል። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ልጁ ሊወርድ ሲል ፎቶ አንሺው ይጮኻል፤ «ቆይ! የስፖንሰሩ ሎጎ ታጥፏል! ወደ ቀኝ ሳብ አድርገው!» ከታች የቆመው ልጅ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ ከቅንድቡ ወደ ዓይኑ ይገባል፤ መጥረጊያ እጅ የለውም። ባነሩ በደማቅ ቀለም «የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ይቁም» ይላል።

መልእክት የሌለው ሰርከስ ደግሞ አይፈቀድም። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሲጀመርና ኋላም ስለ ኤችአይቪ በየአደባባዩ ሲያስተምር፣ ማንበብ ለማይችለው ሰው ቁም ነገር ያደርስ ነበር፤ በዚህ አላሾፍም። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ያለ መፈክር ማየት አቃተን። አንዱ በአየር ላይ ተገልብጦ ሲመጣ ሌላው በእጁ አንጓ ይቀበለዋል። እሺ፣ ይሄ የትኛውን ዓላማ ይደግፋል? በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ በየትኛው ዓምድ ይሞላል?

ክፍያም አለ፣ እንዴት ይጠፋል! ለተናጋሪው አበል፣ ለአዳራሹ ኪራይ፣ ለባነሩ የሕትመት ዋጋ፤ ለልጆቹ ደግሞ የምስክር ወረቀትና «ልምድ ታገኛላችሁ» የሚል ቃል። ልምድ ለጫማ ሰፊ ሲሰጥ አይቀበልም፤ የሰርከስ ልጅ ግን ትሑት ነው።

ይህን ሥርዓት የሚያፈርሱ አልጠፉም። ፍካት ሰርከስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ቡድኖችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ የሰርከስ ፌስቲቫል አዘጋጀ፤ ሰርከስን ለራሱ ለሰርከስ! ቢቢና ቢቹ የተባሉት ወንድማማቾችማ ብሰዋል። ሰርከስ አቢሲኒያ ብለው የኢትዮጵያን ልጆች ባሕር ማዶ አሻገሩና፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችውን የደራርቱ ቱሉን ታሪክ በአክሮባት አሳዩ። ፈረንጁ ከኪሱ ከፍሎ ገብቶ አየ። እኛ ቅንጫቢ ቪዲዮውን በስልክ ተቀባብለን «ኩራታችን!» አልን። ኩራት ቲኬት አይጠይቅም።

ለሚቀጥለው መክፈቻ ግን አንዲት ማሻሻያ አለችኝ። ተናጋሪው ንግግሩን እስኪጨርስ ትንሿን ልጅ በትከሻው ላይ ያቁም። ሠላሳ ኪሎ አትሞላም። ማይክሮፎኑን ከላይ ሆና ትይዝለታለች፤ «ለማጠቃለል ያህል» ሲል የምሩን ይሁን አይሁን ጉልበቱን አይተን እናውቃለን።