የፎቶ መርዶ፦ በአማተር ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ስለሚሰጥ ገንቢ አስተያየት አጭር ጥናት

ፎቶ ማንሳትን በትርፍ ጊዜያቸው የያዙ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ካፌ ጥግ ይዘው፣ ላፕቶፕ ከፍተው፣ አንዱ በሌላው ፎቶ ላይ አስተያየት ይሰጣል። ስብሰባው ራሱን የሚጠራው «ገንቢ አስተያየት መለዋወጫ» ብሎ ነው። ስሙን እንዳለ የተቀበለ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይቸግረዋል፦ ይህን ያህል ሲገነባ የከረመ ፎቶ ስለምን ከተነሳበት ቀን ፈቀቅ አላለም? የዚህ ጥናት መልስ አጭር ነው። ገንቢ አስተያየትን ከትምህርት ወገን መመደብ ስሕተት ነው፤ ወገኑ ለቅሶ ነው። ፎቶው ሟች፣ ያነሳው ሰው ሐዘንተኛ፣ አስተያየት ሰጪዎቹም ለቅሶ ደራሾች ናቸው። ነገሩ በዚህ መልክ ሲታይ እስከ ዛሬ ግራ ሲያጋቡ የነበሩ ጠባዮች ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ክፉ ወሬ የሚነገርበት መንገድ ነው። መርዶ በአገራችን ዝም ብሎ አይነገርም። ተናጋሪ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ «ትንሽ አሞት ነበር» ይባላል፤ ሰውየው ግን ትናንት ተቀብሯል። አሁን በጥምቀት የተነሳ የአንድ ዲያቆን ፎቶ እንውሰድ። የዲያቆኑ ዓይን ደብዝዟል፤ ከኋላው ያለው የጃንጥላ ዘርፍ ግን ክሩ እስኪቆጠር ጥርት ብሏል። በጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሁሉ ባየበት ቅጽበት አውቆታል፣ ተናጋሪ ግን የለም። አንዱ «ቀለሙ ደስ ይላል» ይላል። ሌላዋ «ስሜት አለው» ትላለች፤ የምን ስሜት እንደሆነ አይጠየቅም። በመጨረሻ በዕድሜ ገፋ ያለውና ካሜራው ከሁሉም የሚከብደው ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ፎከሱ ትንሽ ወደ ኋላ ሳይሄድ አልቀረም መሰለኝ» ይላል። መርዶው ተነገረ። ከዚያ ማጽናኛው ይጎርፋል፦ «ግፊያው ነው እኮ፣ ምን ታደርጊዋለሽ!»፣ «ጃንሜዳ ላይ ቆሞ ማንሳት ራሱ ትልቅ ነገር ነው»፣ «እኔም አምና እንዲሁ ሆኖብኝ…»። ይህ የመጨረሻው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ለቅሶ ደራሽ የራሱን ሟች ሳያነሳ አይነሳም፤ አስተያየት ሰጪም የራሱን የአምና ፎቶ ከስልኩ ፈልጎ ሳያሳይ አስተያየቱን አይጨርስም።

ሁለተኛው ማስረጃ ዕድሩ ነው፦ የሌላውን ለቅሶ ያልደረሰ የራሱን የሚደርስለት የለም። በሌሎች ፎቶ ላይ አንድም ቃል ሳይተነፍስ የራሱን 12 ፎቶ በፍላሽ ይዞ የሚመጣ አባል ደንብ ጥሷል፣ ቅጣቱንም ያገኛል፦ «አሪፍ ነው» ተብሎ ይታለፋል። «አሪፍ ነው» ማለት ድንኳኑ በር ላይ ብቅ ብሎ መሄድ ነው።

ይህ ሥርዓት ከየት መጣ ቢባል ምክንያቱ በፎቶው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ከተራ ጥር 10 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11፤ ያመለጠ ዲያቆን የሚመለሰው በዓመቱ ነው። ቢመለስም ሌላ ዲያቆን ሆኖ ነው። በዚህ ላይ የበዓሉ ብርሃን ለጀማሪ የተሠራ አይደለም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያቀርብ የተበጀ በመሆኑ ሜዳ ሙሉ ነጭ ነጠላ ሲያይ «እዚህስ ብርሃን በዝቷል» ብሎ ፎቶውን ያጨልማል፤ ነጠላው ሳይታጠብ የተለበሰ ይመስላል። ይህን የተማረ አባል በቀጣዩ ዓመት ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋል። በቀትር ፀሐይ ከልክ ካለፈ ደግሞ ነጠላው ተቃጥሎ ይጠፋና ጥለቱ ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ሁለቱም ሟቾች ናቸው፣ ለሁለቱም «ብርሃኑ አስቸጋሪ ነበር» ይባላል። እውነትም ነበር።

መላምቱን የሚያጸናው በተቃራኒው ያለው ጉዳይ ነው። አንድ አባል ቤቱ ያነሳውን የጀበና ፎቶ ሲያቀርብ ያ ሁሉ ርኅራኄ ይተናል። «ረከቦቱ ለምን ተቆረጠ?»፣ «የኋላው ሶኬት ምን ይሠራል?»፣ «ስኒው ላይ ያለው አቧራ ነው?» ይባላል፤ ተናጋሪዎቹ ከአሥር ደቂቃ በፊት በዲያቆኑ ጊዜ አንገታቸውን የደፉት ናቸው። ጀበናው አልሞተም። ነገ ማለዳ ቦታው ላይ አለ፣ ሶኬቱም ይሸፈናል። ስለዚህ ፎቶው በሕይወት እንዳለ ዘመድ ይሰደባል። የአስተያየት ድፍረት የሚያድገው ፎቶውን ደግሞ ማንሳት በተቻለ መጠን ነው ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ሰርግ የዚህ ሕግ ዝቅተኛው ጫፍ ነው፣ ሙሽሮቹን ደግሞ የሚድራቸው የለምና።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው የኤዲት ባለሙያዎች ነው፦ «ሮው (የካሜራው ጥሬ ፋይል) እስካለ ድረስ ምንም አልሞተም» ይላሉ። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ሲይዝ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል፤ በዚህም ጥላ ውስጥ የተቀበረ ፊት፣ ኖይዙ ቢበዛም፣ ሲነሳ ታይቷል። የተቃጠለ ነጠላ ግን አይነሳም፣ ፎከስ የሳተው ዓይንም እንዲሁ። ጥናቱ ትንሣኤ ሙታንን አይክድም፤ ቀኑ ገና ነው ይላል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሊቃውንቱ ወገን ነው፦ «ቅኔ ቤት እያለ ይህ አገር ሒስ አያውቅም ማለት ነውር ነው»። እርግጥ ነው። ተማሪው ቆጥሮ ያመጣትን ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ቤት አልመታችም፣ ምሥጢሯም ላልቷል ብለው በባልንጀሮቹ ፊት ይመልሱበታል፤ ማንም «ስሜት አላት» አይልለትም። ነገር ግን ጉባኤ ቃና ጀበና ናት። ተማሪው ዛፍ ሥር ተመልሶ ደግሞ ሊቆጥራት ይችላል። ተቃውሞው ስለዚህ መላምታችንን ከማፍረስ ይልቅ ማገር ሆኖለታል።

ሦስተኛው «ፈረንጆቹ እኮ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ» የሚለው ነው። በእንግሊዝ የካሜራ ክለቦች ለውድድር ዳኛ ከክለቡ ውጭ ማስመጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ20 ማርክ ይሰጣል፣ ሻዩን ጠጥቶም ይሄዳል። የገዛ ጎረቤት ፎቶ ላይ ሰባት ከሃያ የሚሰጥ ሰው እዚያም ስላልተገኘ ነው እንግዳ የሚጠራው። በእኛም ዘንድ ርኅራኄ የሌለው ሐያሲ ከማኅበሩ ውጭ ያለው ነው፣ በተለይ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው። «አወፈርከኝ» ብሎ ሒሳብ የሚያስቀንስ የፎቶ ቤት ደንበኛ ዕድር የለበትም።

ፎቶን በሲሶ ከፍሎ ሰውን ከመሀል ስለሚያወጣው ሕግ፣ ስለ «ሩል ኦፍ ሰርድስ»፣ ሳይነሳ ማለፍ አይቻልም። ሌላ የሚባል ነገር ሲጠፋ፣ ፎቶው ምንም ይሁን ምን፣ «ሰውየው መሀል ላይ ባይሆን» ይባላል፤ በሟቾች ሁሉ ላይ ሳይለይ የሚነበብ ፍትሐት መሆኑ ነው። ሕጉን በዚህ ስም ጽፎ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ በ1797 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኒየፕስ በካሜራ ያነሳውና እስከ ዛሬ የቆየው የመጀመሪያው ፎቶ የመጣው ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ፍትሐቱ ሟቹ ሳይወለድ ተዘጋጅቶ ነበር። ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ ሲባል በኖረበት አገር ሕጉ ቶሎ መለመዱ አያስደንቅም። በማኅበሩ ፎቶዎች ላይ አራሹ የግራውን ሲሶ ይይዛል፤ የቀረውን ሁለት ሲሶ ሰማይ ወስዶታል።

ለመላምቱ ፈተና የሚሆነው አንድ ጉዳይ ነው፦ በእውነት ጥሩ የሆነ ፎቶ። ሟች የለም፣ ስለዚህ የሚባል አይገኝም። ጠረጴዛው ጸጥ ይላል፣ አንዱ ማኪያቶውን ያማስላል። ከቆይታ በኋላ የምትመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ናት፦ «በምን ሌንስ ነው ያነሳሽው?» ለቅሶ ቤት «ምን አግኝቶት ነው?» የሚባለው ጠያቂው ያው ነገር እሱንም እንዳያገኘው ነው፤ እዚህ ግን የሚጠየቀው ያው ነገር እንዲያገኘው ነው። መልሱ ውድ ሌንስ ከሆነ ሁሉም ይተነፍሳል፣ «አዎ፣ እሱማ!» ይባላል፣ ነገሩም ይዘጋል። በጠያቂው በራሱ ቦርሳ ውስጥ ያለው ሃምሳ ሚሊሜትር ሆኖ ከተገኘ ግን ወሬው ወዲያው ወደ ቤንዚን ሰልፍ ይዞራል።