ወዙን አጥፉልኝ

አርባ ምንጭ በመጨረሻ ሠልጥናለች። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው መኪናውን የሚያስቀባው እንዲያበራለት ነበር፤ የዋህ ዘመን! አሁን ከሴቻ ቁልቁል ወደ ሲቀላ ስትወርዱ ጥላሸት የተቀባ የሚመስል ጥቁር ቪትዝ ቢያልፋችሁ፣ ለባለቤቱ አትዘኑለት። ገንዘብ አጥሮት ሳይሆን ተርፎት ነው። ቀለሙ «ማት» ይባላል። ጨክኖ ወዙን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ያቃተው፣ ልቡ በሁለት ሐሳብ የተከፈለ ሰው ደግሞ «ሳቲን» ያስቀባል። ሞተረኞቻችንም ወደ ኋላ አልቀሩም፤ የአፓቼውን ሰልባትዮ ልክ እንደ ብረት ምጣድ አደብዝዘው በኩራት ያልፋሉ።

ለዚህ ሥልጣኔ ሲባል የተከፈለውን መሥዋዕትነት ለመረዳት ጋራዥ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ባትላሜራው የተጎዳውን ላሜራ ቀጥቅጦ ያቃናል፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ይሞላል። ቀለም ቀቢው በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አሽቶ ያለሰልሰዋል፣ አንቲረስት ይረጫል፣ ቀለሙን ያስከትላል፣ በላዩ ክሊር ያለብሰዋል። የሙያው ክብር የሚለካው መጨረሻ ላይ ነበር። ደንበኛው መኪናውን ሊረከብ መጥቶ ኮፈኑ ላይ ፊቱን አይቶ ፀጉሩን ካስተካከለ፣ ሥራው አልቋል ማለት ነው። አሁን ግን ደንበኛው ኮፈኑ ላይ አጎንብሶ ፊቱን ሲያጣው ነው ደስ ብሎት ቀሪውን ሒሳብ የሚከፍለው።

ምስጢሩ ክሊሩ ውስጥ ነው። ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት ይጨመርበታል፤ አብዛኛው አሸዋ የተሠራበት ያው ሲሊካ። ክሊሩ ሲደርቅ ዱቄቱ ገጹን ዓይን በማያየው መጠን ያሻክረዋል። ያረፈበትም ብርሃን እንደ መስታወት በአንድ አቅጣጫ መመለሱ ቀርቶ በየአቅጣጫው ይበተናል። አምራቾች ይህን የሚለኩበት መሣሪያ አላቸው፤ ብርሃን በ60 ዲግሪ ማዕዘን ይልኩና የሚመለሰውን ያያሉ። በመለኪያው የተወለወለ ጥቁር መስታወት 100 ያገኛል፣ ደህና የመኪና ቀለም ከ80 በላይ ያመጣል፣ ሳቲን መሀል ላይ ይንገዋለላል፣ ማቱ ከ10 በታች ይወድቃል። ትምህርት ቤት ቢሆን ወላጅ ይጠራ ነበር። እዚህ ግን የመጨረሻውን ውጤት ላመጣው ነው የመጀመሪያው ዋጋ የሚከፈለው።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ የጨንቻ ዳገት አፈር ክሊሩ ላይ ቢያርፍ ቆሻሻ ነው፣ ክሊሩ ውስጥ ቢገባ ቅንጦት።

እኔን የሚቆጨኝ ከተማችን ይህንኑ አገልግሎት ለዘመናት በነጻ ስትሰጥ መኖሯን ልብ ያለው አለመኖሩ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው አርባ ምንጭ ፀሐይዋን ለማንም አትነፍግም። ጥላ አጥቶ ውሎ ደጅ የሚያድር ባጃጅ ላይ ጨረሩ የቀለሙን ማያያዣ ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ገጹ ኖራ ይመስላል፣ ጣት ሲያርፍበት ጣት ላይ ይቀራል። ወዝ የሚባል ነገር አይተርፈውም። ባለባጃጁ ግን ያፍርበታል። «አርጅታብኝ ነው፣ እግዜር ሲሰጠኝ አስቀባታለሁ» እያለ ተሳፋሪውን ይቅርታ ይጠይቃል። ማት መሆኗን የነገረው የለም። ከጎኑ የቆመው ባለ ቪትዝ፣ መለኪያው ቢመጣ ተመሳሳይ ውጤት የሚያገኘው ሰውዬ፣ መስኮቱን ዘግቶ ያልፈዋል።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አዲስ ማት የተቀባ መኪና ዙሪያውን ዞረው ዞረው ሲያበቁ፣ በሐዘኔታ ወደ ወጣቱ ባለቤት ዞሩ።

«ልጄ፣ ገንዘቡ መሀል ላይ አለቀብህ?»

«ኧረ አባባ፣ ያለቀ ነው።»

«እንዲህ አይባልም፤ ተስፋ አይቆረጥም። እግዚአብሔር ያስጨርስህ።»

አዛውንቱ ሳያውቁት ታሪኩን ጠንቅቀው ተናግረዋል። የአሜሪካ ጎረምሶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ ያላቸውን ሁሉ ሞተሩ ላይ እያፈሰሱ፣ ለቀለም የሚሆን ሲያጡ በአንቲረስት ብቻ ይነዱ ነበር። የቸገረው ሰው ያደረገውን ቆይቶ የተረፈው ሰው ወደደው። ቢ ኤም ደብሊው «ፍሮዝን»፣ መርሰዲስ «ማግኖ» የሚል ስም አወጡለትና ያልተጨረሰውን ሥራ ከተጨረሰው አስወድደው ሸጡት። ለኛ የደረሰን ይሄ ነው፤ ችጋሩ ቀርቶ መልኩ ብቻ፣ ያውም ከነቀረጡ።

ሌላው የማት አባት ጦር ሠራዊት ነው። የወታደር መኪና የማያብለጨልጨው ከሩቅ ብልጭታው እንዳይታይ፣ ከሰማይም ከምድርም ዓይን እንዲሰወር ነው። በቂ ምክንያት ነው። የኛው ባለ ማት ሞተረኛ ግን ከማን እንደሚሸሸግ ለማወቅ ያዳግታል፤ ማርሚታውን አስፈልፍሎት ሲቀላ ሲያስነሣው ሴቻ የተኛ ሕፃን ይነቃል። ጠላት አላየውም እንበል። እንዳይሰማው ምን ተደረገ?

ለነገሩ ማት ቀለም የከተማችን እንግዳ አይደለም። ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ፣ በእግዜር ድልድይ ግራና ቀኝ ሁለቱንም ናሙና ያገኛል። በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ኋላ ቀር ነው። በግራ አባያ ቀላ ብሎ፣ ደብዝዞ፣ ዘመናዊ ሆኖ ተኝቷል። የአባያም አሠራር ከጋራዡ አይለይም፤ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ብርሃኑን ይበትነዋል። አፈሩን ያቀረበው ዛፉ ያለቀበት ደጋ ነው፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ማሳው የሚታጠብበት ገበሬ። እንደ አያያዛችን ጫሞም መሠልጠኑ አይቀርም።

ወደ መኪናው ልመለስ፤ ያማረው ነገር ያለው አያያዙ ላይ ነው። ማት ቀለም ሰም አይቀባም፣ ፖሊሽ አይነካውም፣ ብሩሽ ዘር ማንዘሩ አይወደውም። በለስላሳ ጨርቅ፣ በለዘበ ሳሙና፣ በእጅ፣ በቀስታ ነው የሚታጠበው። አንዲት ጭረት ከወጣችበት በፖሊሽ አትጠፋም፤ የታሸው ቦታ ማብራት ይጀምራላ! ቁራጭ ቦታ ብቻ ልቀባው ቢሉም ከጎኑ ጋር አይገጥምም። በሩ ተጭሮ እንደሆነ በሩ በሙሉ፣ ኮፈኑ ከሆነም ኮፈኑ በሙሉ እንደገና ይረጫል።

ይህን ሁሉ ያልተነገረው ግን ላቫጆ ያለው ልጅ ነው። ልጁ የሚያውቀው አንድ ሕግ ነው፤ የቆሸሸ ነገር እስኪያበራ ይታሻል። በጉርሻ ተስፋ ክንዱ እስኪዝል ያሸዋል። ከበሩ መሀል መዳፍ የምታህል ቦታ ብልጭ ስትል ፈገግ ብሎ ቀና ይላል። ባለቤቱ ጮኾ ይወርዳል። ልጁም በትጋቱ የመጣበትን ዕዳ፣ ያበራውን ነገር መልሶ የማደብዘዣውን ማለት ነው፣ ከዕለት ገቢው እንዲከፍል ይጠየቃል። ሰነፉ ጓደኛው ውሃ ብቻ ደፍቶ፣ ጨርቁን ሳይጨምቅ አንዴ አሳልፎ፣ «ጎበዝ፣ የገባህ ልጅ ነህ» ተብሎ ተሸልሟል።

ማቆሚያውም ሌላ ፈተና ነው። ፀሐይ ላይ እንዳትቆም ትቃጠላለች። ጥላ ሲባል በአርባ ምንጭ ማንጎ ሥር ነው፤ የማንጎ ሙጫ ደግሞ የሰው ቆዳ የሚያቃጥል፣ የነካውን ምልክት ሳያደርግበት የማይተው ነገር ነው። ከማንጎው ያመለጠች እንደሆነ ወፍ አለ። ወደ ምንጮቹ ጫካ ወይም አፋፉ ላይ ወዳሉት ሎጆች ከተሄደ ዝንጀሮ አለ፤ ኮፈን ላይ ቁጭ ብሎ የሚያስብ፣ ሲወርድ በጥፍሩ የሚፈርም። ሰርግ ከመጣ የባሰ ነው። ወዳጅ ዘመድ ለሙሽራ መኪና ይለምናል፣ እምቢ አይባልም፣ አበባውም በፕላስተር ካልተጣበቀ አይቆምም። ሙሽሮቹ ለመልስ ሲዘጋጁ ባለ መኪናው ኮፈኑ ላይ የቀረውን ሙጫ በጥፍሩም በቲነሩም እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ በትንፋሹ ሊያስለቅቀው ይሞክራል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ይሏል ይሄ ነው።

ሁሉም አልፎ ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው ቢያንስ መንግሥት ወጪውን ይመሠክርልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሊብሬው ይወጣል። ለቀለም የተተወችው ቦታ አንዲት ናት፤ «ጥቁር» ትላለች። ስለ ሲሊካው፣ ስለ ማዕዘኑ፣ ስለ ለዘበው ሳሙና አንዲት ቃል የለችም። ነጭ የነበረውን ሳያስፈቅድ ያስለወጠ ከሆነማ «ነጭ» ነው የሚለው፤ እዚያው ላይ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ስለ ውበት አይደለም።

ስለዚህ ለወገኖቼ አንድ አገልግሎት ልስጥ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እጅ ላይ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው ስለማይቀመስ፣ በገንዘብ ከመነጋገር ቅያሬ ይሻላል። የሠፈራችን ባለባጃጆች ለማት ወዳጆች በራቸው ክፍት ነው። የሚያቀርቧቸው ባጃጆች በፀሐይ በእጅጉ የተጠናቀቁ፣ ከጣሪያ እስከ ፓራፋንጎ ወጥ በሆነ ደብዛዛነት የተዋቡ፣ ብሩሽም ዝንጀሮም የማይፈሩ፣ በፈለጉት ማንጎ ሥር የሚቆሙ ናቸው። በምትኩ የሚቀበሉት ያው ተራ፣ የሚያበራ፣ ጊዜው ያለፈበት ቪትዝ ነው። የቀለሙን ልዩነት በተመለከተ ጭማሪ አይጠይቁም።