በግ ልንገዛ ሄደን

እስቲ ቡናህን ፉት በልና ስማኝ። የገና በግ ነገር ነው። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች ገና ሲቃረብ ከሱቅ በተገዛ ሥጋ አንረካም፤ ገበሬው ዘንድ ሄደን፣ በጉን በዓይናችን አይተን፣ ሽንጡን ዳብሰን፣ ዋጋ ተከራክረን ካልገዛን በዓሉ በዓል አይመስለንም። ባለቤቴም "አደራ፣ በጊዜ ሂዱ፣ በጊዜ ተመለሱ" ብላ ከጋሼ ጋር ላከችኝ። ጋሼ ስንት ዘመን ታክሲ ነድተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ጡረታ የወጡ የሰፈራችን አባት ናቸው። መኪናውም የሳቸው፣ መንገዱንም የሚያውቁት እሳቸው። እኔ የተላክሁት በጉን ለመያዝ ነው።

የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረህ የምሥራቁን ዳርቻ ስትይዝ አገሩ ሌላ ይሆናል። ሜዳው ዝርግ ነው፤ መሬቱ የት አልቆ ውሃው የት እንደሚጀምር አይለይም። በቆሎ የታጨደበት ማሳ ላይ ከካናዳ የወረደ ዝይ ይቃርማል። ጄምስ ሚችነር "ቼሳፒክ" የሚለውን ወፍራም ልቦለድ የጻፈው ስለዚህ አገር ነው። በ1978 የወጣ ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ። ከሰዉ መሀል አንድ አውራ ዝይ አስገብቶ ባለታሪክ አድርጎታል። ይህን ለጋሼ እያወራሁላቸው ሳለ ነው ከአንዲት ትንሽ ከተማ መሀል የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ያየሁት።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንዴ ያቁሙልኝ፤ አምስት ደቂቃ።"

"የመጽሐፍ አምስት ደቂቃ አውቀዋለሁ። በጉስ?"

"በጉ የት ይሄዳል ጋሼ?"

አቆሙልኝ። በዚያ አገር መጽሐፍ መሸጫ ገብተህ የዳክዬ አደን መደርደሪያ አታጣም፤ እኔ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ የዚያ መደርደሪያ ሰው ነኝ። ጠብመንጃ ይዤ አላውቅም። ዳክዬም ቀምሼ አላውቅም፤ እኛ ቤት ዳክዬ ማጀት አይገባም። መጻሕፍቱን ግን ከልቤ እወዳለሁ። እኛ አገር አደን ሲባል ፉከራ አብሮት አለ። ዝሆን የገደለ፣ አንበሳ የገደለ ግዳይ ጥሎ ይፎክራል፤ ይዘፈንለታል። ዳክዬ ገድሎ የፎከረ ግን ማን አለ? የዳክዬ አዳኝ የሚፎክርበት ስለሌለው ጎሕ ሳይቀድ ቄጠማ ውስጥ አድፍጦ ስለተቀመጠበት ሰዓት፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ውሻው፣ አጠገቡ ስላለው ሰው ይጽፋል። መጽሐፉ አብዛኛው ጥበቃ ነው። ጥይት የሚተኮሰው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይስታል።

አሜሪካዊውን ጸሐፊ አልዶ ሊዮፖልድን ውሰድ። ልጅ ሳለ ጥንቸል ሊያድን ወጣ። ሐይቁ በረዶ ለብሷል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሞቅ ያለ ውሃ እየፈሰሰበት ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቷል። ዳክዬው ሁሉ ወደ ደቡብ ሄዷል፤ አንድ የቀረ ካለ ግን እዚህ ማረፉ አይቀርም ብሎ ጥንቸሉን ትቶ የቀዘቀዘው ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ አንድ ጥቁር ዳክዬ ከምዕራብ መጣ። ተኩሱን ረስቶታል፤ በረዶው ላይ የተንፈራገጡትን ቀይ እግሮች ግን ዕድሜ ልኩን አልረሳም። ይህ ሰው በ1948 ጎረቤት እርሻ ላይ የተነሳ እሳት ሊያጠፋ ሲረዳ ሞተ፤ ይህ ታሪክ ያለበት መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት ወጣ። እንግሊዛዊው ፒተር ስኮትም እንዲሁ አድፋጭ አዳኝ ነበር፤ በ1935 "የንጋት በረራ" ብሎ የዝይና የዳክዬ አደኑን በራሱ ሥዕል አሳምሮ አሳተመ፤ ኋላ በ1946 ስሊምብሪጅ ላይ ለነዚያው ወፎች መጠበቂያ አቋቋመ፤ በመጨረሻም ጠብመንጃውን ሰቀለ። አድፍጦ ብዙ ያየ ሰው መጨረሻው ያደነውን መጠበቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያን ቀን እጄ የገባው ግን ሩሲያዊው ቱርጌኔቭ ነው፤ በ1852 የታተመው "የአዳኝ ማስታወሻዎች"። ውስጡ "ልጎቭ" የምትል ታሪክ አለች፤ ከዳክዬ አደን ታሪክ ሁሉ የማስቀድማት። ባለ ርስቱ ተራኪ፣ ዬርሞላይ የሚባለው አዳኙና ከገባርነት ነፃ የወጣ አንድ ጎልማሳ ሸምበቆ የወረሰው ኩሬ ላይ ዳክዬ ሊያድኑ ይሄዳሉ። ታንኳ የሚያቀርብላቸው ሱቾክ ነው፤ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆነው ገባር። ጌቶቹ አንዴ ወጥ ሠሪ፣ አንዴ ሠረገላ ነጂ፣ አንዴ ተዋናይ ሲያደርጉት ኖረው በመጨረሻ ዓሣ በሌለበት ወንዝ ላይ ዓሣ አጥማጅ ብለው ሾመውታል። ስሙን እንኳ አንዲት እመቤት ለውጠውበት ነበር። ይህን ሁሉ ሲያወራ አንዲት ምሬት የለበትም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ታንኳዋ ታፈሳለች፤ ውሃ ቅዳ የተባለው ጎልማሳ ተኩሱ ሲደምቅ ሥራውን ይረሳል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ታንኳዋ ትሰጥማለች። ባለ ርስቱም፣ ነፃ የወጣውም፣ ገባሩም እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ቆሙ፤ የገደሏቸው ዳክዬዎች በዙሪያቸው ይንሳፈፋሉ። ሩሲያ ገባርነትን የሻረችው በ1861 ነው፤ እዚያ ኩሬ ውስጥ ግን ቀድሞውኑ እኩል ቆመዋል። ደግሞ ቱርጌኔቭ እዚያ ከቆጠራቸው ዳክዬዎች አንዱ ባለ ሹል ጭራው ነው፤ ከሩሲያ ረግረግ ብርዱን ሸሽቶ እኛ ዝዋይ ድረስ የሚወርደው። ወገኑ ቼሳፒክም ይወርዳል።

በግ አርቢው ቤት ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ሚስቱ ወጣችና "ዳክዬ አደን ላይ ነው፤ በዚህ ውረዱ" ብላ የማሳውን ጥግ አሳየችን። ጋሼ "ጉልበቴ አይችልም፣ አንተ ውረድ" አሉኝ። መጽሐፉን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን እንዳጠለቅሁ ወረድኩ። ሣሩ ደርቆ የቆመ፣ ወርቅማ፣ ያማረ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አንድ እግሬ ማጡ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባ። እሱን ላወጣ ሌላውን ተከልኩ፤ ሁለቱም እስከ ጭኔ ሰጠሙ። መጽሐፉ ከብብቴ አምልጦ ፊት ለፊቴ ካለው ውሃ ላይ ወደቀ። የዚያን ጊዜ ጮህኩ።

ስጮህ ረግረጉ በሙሉ ተነሳ። የክንፉ ድምፅ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። ውሃው ላይ የቀሩት ከእንጨት የተጠረቡት ማባበያ ዳክዬዎች ብቻ ናቸው። ከቄጠማው መሀል አንድ ሰውዬ ብድግ አለ፤ አጠገቡ ቡናማ ውሻ። ከንጋት ጀምሮ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲጠብቁ የዋሉ ናቸው። ሁለቱም አዩኝ። እኔም አየኋቸው። እንግዲህ ምን ይባላል? "እንደምን ዋሉ፤ በግ ልገዛ ነበር" አልኩ።

ሰውየው ለውሻው በእጁ ምልክት ሰጠው። ውሻው እኔን አልፎኝ ሄደ። ውሃው ውስጥ ገብቶ መጽሐፉን ጎኑን በአፉ ያዘ፤ ራሱን ከውሃው ከፍ አድርጎ እየዋኘ ወስዶ ከጌታው መዳፍ ላይ አኖረው። ኋላ ሽፋኑንም ገጹንም አገላብጬ ፈልጌያለሁ፤ አንድ የጥርስ ጭረት የለበትም። ዳክዬውን ሳያቆስል እንዲያመጣ የተገራ አፍ ነው። እኔ ተራዬን ጠበቅሁ።

ተራዬ ሲደርስ ሰውየው ሳንቃ አጋድሞልኝ፣ በሆዴ አስተኝቶ፣ በብብቴ ይዞ ጎተተኝ። ቀኝ እግሬ ያለ ጫማ ወጣ። አልተቆጣኝም። ሽፋኑን በእጅጌው ጠረገና "ስለ ዳክዬ ነው?" አለኝ። "አዎ፤ ታንኳዋ ትሰጥማለች" አልኩት።

ቤቱ ወስዶ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስነከረኝና የሱቾክን ታሪክ እስከ መጨረሻው አስነገረኝ። እሱም በተራው የአደን ቴምብሩን አሳየኝ፤ ከ1934 ጀምሮ የአሜሪካ ዳክዬ አዳኝ በየዓመቱ ሊገዛው ግድ የሆነበት ነው፤ በገንዘቡ ረግረግ እየተገዛ ለወፎቹ ይጠበቃል። የመጀመሪያውን የሣለው ዲንግ ዳርሊንግ የተባለ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነው። የገበሬው ሚስት የዳክዬ ሾርባ ስታቀርብ ጋሼ ቀደም ብለው "ጾም ላይ ነን" አሉ። በጉንስ ስንጠይቅ? የቀሩትን ሁሉ ጠዋት የእኛው ሰዎች መጥተው ወስደዋቸዋል። ጋሼ አንዴ አዩኝና እስከ ድልድዩ ድረስ አልተናገሩም። እኔም በአንድ እግሬ የተዋስኩትን የጎማ ቦቲ አጥልቄ ተቀመጥሁ።

ገናን በዶሮ አለፍነው፤ ባለቤቴ እስከ ጥምቀት ድረስ በጉን አንስታ አልጨረሰችም። መጽሐፉን ጋሼ "እስቲ ምን ቢኖርበት ነው" ብለው ወሰዱት፤ አሁን ማታ ማታ እየደወሉ ይከራከሩኛል። ሱቾክን ወደውታል። ዬርሞላይ ግን ውሻ ብልህ ነው፣ ምግቡን ራሱ ይፈልጋል እያለ ውሻውን የማይቀልብ ሰው መሆኑ አብግኗቸዋል። "ያ መጽሐፍህን ያወጣልህ ውሻ እንዲህ ባለ ሰው እጅ ቢወድቅ ምን ይሆን ነበር?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከኩሬው መውጫውን ፈልጎ ያገኘላቸው ዬርሞላይ አይደለም ወይ ብዬ እሟገታለሁ። እስካሁን አልተስማማንም። ሊዮፖልድን ቀጥለው ማንበብ ይፈልጋሉ፤ አውሳቸዋለሁ።