ጀንፈልና ሰው፦ በጅማ ዙሪያ ስለሚቀንስና ስለሚመለስ ክብደት የተደረገ ጥናት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከየቡ እስከ ሰቃ፣ በየዓመቱ ክብደት የሚቀንሱ ሁለት ፍጥረታት አሉ፤ ቡናና ሰው። ቡናው ይሳካለታል። ይህ ጥናት ሰው ለምን እንደማይሳካለት ይመረምራል። ለሥራው የገንዘብ ድጋፍ አልተገኘም። መረጃው የተሰበሰበው ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ ፈቃደኝነታቸውን የገለጹት «ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?» በማለት ነው።

በቡናው እንጀምር። በጥቅምትና በኅዳር ቀልቶ የሚለቀመው እሸት ቡና ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ነው። አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ቀን ይገላበጣል፣ ማታ ይሸፈናል፤ ርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ጀንፈል ይሆናል። ገለፈቱ ተፈልፍሎ ንጹሑ ሲወጣ፣ ከአምስት ስድስት ኪሎ እሸት የሚተርፈው አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ምጣድ ላይ ደግሞ ከቀረው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጥላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቡናውን «ከሳህ፣ ምን ነካህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ይህ ነጥብ ቀላል እንዳይመስል።

መለኪያን በተመለከተ ዓለም ብዙ ደክሟል። ኪሎግራም ፓሪስ አጠገብ፣ ሴቭር ላይ በተቆለፈባት የፕላቲነምና የኢሪዲየም ቁራጭ ሲለካ ኖሮ፣ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በፕላንክ ቋሚ ቁጥር እንዲተመን ሆኗል። መናኸሪያ አካባቢ ግን ሰው አሁንም የሚለካው አስፋልት ዳር በተቀመጠች፣ መስታወቷ በተሰነጠቀ ሚዛን ነው። ተሳታፊ «ሀ»፣ ቀበቶው በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ የሚጨመርለት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን፣ ቁልፉን፣ ጃኬቱን፣ በመጨረሻም የሳንቲም ቦርሳውን ለሊስትሮው ያስይዛል። ሆዱ ቁጥሩን ስለሚጋርድበት የሚያነብለት ባለ ሚዛኑ ልጅ ነው። ልጁ ደግሞ ቀስ ብሎ ማንበብ አልተማረም።

«ዘጠና አራት!»

ወረፋ የሚጠብቁት ባለ ባጃጆች ዞር አሉ። አንዱ «በርታ ጋሼ!» አለ፤ ይበርታ ያለው ለመጨመር ይሁን ለመቀነስ አልተብራራም። ሊስትሮው ጃኬቱን እየመለሰ «ይሄ ሚዛን እኮ ይጨምራል» ብሎ አጽናናው። አጥኚው ሚዛኑ ላይ ማንም ሳይወጣበት ሁለት ኪሎ እንደሚያነብ አረጋግጧል፤ ይህም ከዘጠና አራቱ ሲቀነስ ብዙ የሚያጽናና አይደለም።

በቡና አገር ሚዛን ደም ያፈላል። ገበሬው ምርቱን ሰብሳቢው ዘንድ ሲያደርስ ዓይኑን ከሚዛኑ አይነቅልም፤ ቅሸባን ጠንቅቆ ያውቃልና። እየተቀሸበ ደስ የሚለው ብቸኛ ፍጡር ክብደት ለመቀነስ የቆረጠ ሰው ነው። ተሳታፊ «ለ» ራሱ ቡና ሰብሳቢ ሲሆን፣ ከገበሬ ጋር ሲከራከር «ሚዛን አይዋሽም» ይላል። በራሱ ሆድ ላይ የተነበበውን ግን ይግባኝ ጠይቆበት ሌላ ሚዛን ፍለጋ ሄዷል።

የአካባቢውን ልማድ በማክበር ጥናቱ ስብን የሚለካው በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ፈረሱላ ሆድ ማለት 130,900 ካሎሪ ማለት ነው። ይህ ከየት መጣ? ከቡናው አይደለም፤ ስኳር የሌለበት ስኒ ቡና ከሁለት ከሦስት ካሎሪ አያልፍም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ግን 16 ካሎሪ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት ማንኪያ ሲጠጣ 96 ይሆናል። ጠዋት በቤቱ፣ ከሰዓት በጎረቤት የተጠራ ሰው 192 ላይ ይውላል፤ በሌላ መንገድ ካላካካሰው በአርባ ቀን የአንድ ኪሎ ስብ ስንቅ ቋጠረ ማለት ነው። ቆሎው፣ ፈንዲሻውና አምባሻው በዚህ ሒሳብ አልተካተቱም። አጥኚው እየበላ ስለነበር ሊቆጥራቸው አልቻለም።

በገጠር ቡናን በጨው የሚጠጡ ቤቶች አሉ፤ የጨው ካሎሪ ዜሮ ነው። ተሳታፊ «ለ» ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ወደ ዘመዶቹ ቀዬ ወጣ። እዚያ ቡና ቀላ ቀረበለት፤ ቡና ቀላ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንሂድ። ተሳታፊ «ሐ» መምህርት ናት፤ ከናሙናው ውስጥ በእውነት የቀነሰች እሷ ብቻ ነች። ስኳር ተወች፣ እራቷን አሳነሰች፣ ማታ ማታ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ቀሚሷ ሰፋ። ወዲያው ችግር ተፈጠረ። ከፊት ለፊቷ የሚኖሩት እናት በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ደኅና ነኝ እማማ፤ ክብደት እየቀነስኩ ነው።»

«ይሁን። ሐኪም ግን ታይተሻል?»

በነጋታው ገንፎ መጣ፤ መሐሉ በርበሬና ቅቤ የሞላበት፣ ጠርዙ ገና የሚተን። ገንፎን «አልበላም» ብሎ መመለስ በአካባቢው የሚታወቅ አሠራር አይደለም። እማማ ቆመው ስላዩዋት ግማሹን በላች፤ ግማሹን ደግሞ «አፈር ስሆን» ስላሉ በላች። መጨረሻ ላይ በእጃቸው ጠቅልለው አጎረሷት፤ አንድ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ እናቷ ከአጋሮ ደወሉ። ከስታለች የሚለው ወሬ ሚኒባሱን ቀድሞ ከጅማ አጋሮ ገብቷል። ቅዳሜ ዕለት አንድ ጣሳ ማርና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው መጡ፤ «እስክትድኚ አልሄድም» አሉ። ዳነች። ቀሚሱም ልክ ሆነ። መንደሩ ሁሉ «እሰይ፣ አሁን አማረብሽ!» አላት። ስትከሳ አማረብሽ ያላት አንድም ሰው አልነበረም።

እነዚህን እናቶች መውቀስ ግን ሳይንሳዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ፣ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው 8 በመቶ ነበሩ። የሰባ ሰባትን ድርቅ ያየ ሰው የሰፋ ቀሚስ ሲያይ የሚታየው ስፖርት አይደለም። እማማ የሚያውቁት ክሳት ሌላ ነው፤ ገንፏቸውም የታዘዘው ለዚያ ነው።

ጾም ያቀጥናል የሚለው መላምትም ተፈትሿል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። በዚያው የካቲት ኒው ዮርክ ላይ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በልጦ ክብረ ወሰን ሰበረ። ኪስ ሊሞላ ሲል አፍ ተዘጋ፤ ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ዕድል በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ሙስሊሙ ጎረቤት ለአፍጥር ሳምቡሳ በዘይት ሲጠብስ ለክርስቲያኑ ይልክለታል፤ ሥጋ የለበትም፣ ምስር ነው። ክርስቲያኑ ደግሞ ጾሙን በአቮካዶ ጁስ ያሳልፋል። አቮካዶ በጅማ እንደ ልብ ነው፤ የጾም ነው፤ በመቶ ግራም ወደ 160 ካሎሪ አለው፤ በላዩም ስኳር ይነሰነሳል። ቀጥሎ ኢድ መጣ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋሲካ መጣ። ጎረቤታሞቹ ሁለቱንም በዓል አብረው አከበሩ።

ስለ ጫት አጭር ነገር እንበል። ምግብ ያዘጋል፤ ይህ እውነት ነው። ምርቃናው ሲበርድ ግን ጨብሲ አለ፣ ከጨብሲ በኋላ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሚታዘዝ ጥብስ አለ። የምርቃና ሰዓት ላይ የወጡ የአመጋገብ ዕቅዶች ሁሉ ግሩም ነበሩ።

ስፖርትን በተመለከተ ከተማዋ የጅሬን ዳገት አላት። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን እዚያ ኮረብታ ላይ ያሠሩት የማንንም ቦርጭ ለማጥፋት አስበው እንዳልነበረ ይገመታል፤ ዛሬ ግን ማለዳ ተነሥቶ ወደዚያ የሚያቀና ሰው አይጠፋም። ተሳታፊ «ሀ» ሦስት ሰው አስተባብሮ ወጣ። ሲወርዱ አራቱም «ዛሬማ ይገባናል» ተባብለው ፍርፍር ቤት ገቡ። ዳገቱ ያቃጠለውና ፍርፍሩ የመለሰው በፈረሱላ ሲሰላ ልዩነቱ ከሚዛኑ ስሕተት ያንሳል።

ታዲያ የቀነሰው ለምን ይመለሳል? አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ተመራማሪው አንሴል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር አስርቦ ሩብ ያህል ክብደታቸውን እንዲጥሉ አድርጎ ነበር። ልጆቹ ሌላ ወሬ ጠፋባቸው፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ ጀመሩ፤ ቡና ገደብ እስኪጣልባቸው ድረስ ጠጡ። እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድ ስቡ ከነበረበት በላይ ሆኖ ተመለሰ። የከሳ ሰውነት የሚያቃጥለውን ይቆጥባል፣ ረኃቡንም ያበረታል። በዚህ ረገድ ቡናውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በክረምት፣ ዝናብ ሳያቋርጥ በሚወርድበት የጅማ አየር ክፉኛ የተከማቸ ጀንፈል ከአየሩ ርጥበት እየሳበ ክብደቱን መልሶ ያገኛል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ ርጥብ ቡና ከገዢው ይመለሳል። ወፍሮ የመጣን ሰው ግን «ተመችቶሃል ማለት ነው!» ብሎ የማይቀበል ደጃፍ በጅማ አልተገኘም።

ስለዚህ ጥናቱ ለአንባቢ አንድ ልመና ብቻ ያቀርባል። ሰፈራችሁ ውስጥ ቀሚሷ የሰፋ፣ ቀበቶው የላላ ሰው ካያችሁ፣ ታሞ ከሆነ ጠይቁት፤ ደኅና ነኝ ካላችሁ ግን እመኑት። ቡናውን ያለ ስኳር ስጡት፤ ገንፎውንም ለአጥኚው ላኩ።